የድኅረ ወሊድ ክትትል በሞጆና በአካባቢው

የድኅረ ወሊድ ክትትል አንዲት እናት ከወለደች ጀምሮ እስከ ስድስተኛው ሳምንት ድረስ፣ ሕመም ባይሰማትም፣ በጤና ባለሙያ የምትታይበት አሠራር ነው። የደም ግፊቷና ሙቀቷ ይለካል፤ የሚፈሳት ደም፣ ማህፀኗ፣ ጡቷ፣ ስፌት ካላት ስፌቱ ይታያል፤ ስለ ስሜቷና ስለ ቤተሰብ ዕቅድ ትጠየቃለች፤ ሕፃኑም አብሮ ይመረመራል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2013 እ.ኤ.አ. ያወጣውና በ2022 ያደሰው መመሪያ እናቲቱ በጤና ተቋም ቢያንስ 24 ሰዓት እንድትቆይ፣ ከዚያም በ48ኛውና በ72ኛው ሰዓት መካከል፣ ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን ባለው ጊዜና በስድስተኛው ሳምንት እንድትታይ ይመክራል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።) ደኅና የምትመስልን አራስ መመርመር ይጠቅማል ወይ ለሚለው ጥያቄ የዚህ መጣጥፍ መልስ አዎ ነው። ጥቅሙን የሚወስነው ግን ምርመራው በየትኛው ቀን እንደተደረገና መርማሪው ባገኘው ችግር ላይ ምን ማድረግ እንደሚችል ነው።

ቀኑ የሚያስጨንቅበት ምክንያት ግልጽ ነው። ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ከባድ የደም መፍሰስ በአብዛኛው በመጀመሪያው ቀን ይከሰታል፤ ሰዓታት እንጂ ቀናት አይሰጥም። በደም ግፊት የሚመጣው የሚጥል ሕመም በእርግዝና ወቅት ጤነኛ የነበረችን ሴት ከወለደች በኋላም ሊይዛት ይችላል፤ መነሻው ግፊት ደግሞ ካልተለካ አይታወቅም። የማህፀን ኢንፌክሽን ብዙ ጊዜ ራሱን የሚገልጠው እናቲቱ ቤቷ ገብታ፣ ገንፎው ተገንፍቶ፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ ከተባለች በኋላ ነው። በ2016 የኢትዮጵያ ሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ100,000 በሕይወት ከተወለዱ ሕፃናት አንጻር 412 እናቶች ከእርግዝናና ከወሊድ ጋር በተያያዘ እንደሚሞቱ ተገምቷል። በዚያው ጥናት በወለዱ በሁለት ቀን ውስጥ የታዩት እናቶች 17 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2019 በተደረገው አነስተኛ ጥናት ቁጥሩ ወደ 34 በመቶ ከፍ ቢልም በጤና ተቋም የሚወልዱት 48 በመቶ ደርሰው ነበር። በርካታ እናቶች ባለሙያ ባለበት ወልደው፣ በእነዚያ አደገኛ ሁለት ቀናት ሳይታዩ ቀሩ ማለት ነው። ይህ ክፍተት በርቀት ብቻ አይመካኝም፤ ሴቲቱ እዚያው ነበረች።

ሞጆ ይህን በደንብ ያሳያል። ከተማዋ ከአዲስ አበባ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በምሥራቅ ሸዋ ትገኛለች። ከ2009 ጀምሮ የሚሠራው ደረቅ ወደቧ በጅቡቲ በኩል የሚገባውን የአገሪቱን ኮንቴይነር አብዛኛውን ይቀበላል፤ የፍጥነት መንገዱና የባቡር ሐዲዱም በዚያው ያልፋሉ። ሪፈር የተጻፈላት እናት አዳማ ሆስፒታል ለመድረስ ሩቅ መንገድ የለባትም። ነገር ግን እንዲህ ያለ ከተማ ሥራ ፍለጋ የመጡ ሰዎችን ይሰበስባል፤ ከእናቷና ከአማቷ ርቃ በኪራይ ቤት የምትታረስ ሴት፣ ባሏ በጅቡቲ መስመር ላይ ያለ ሹፌር ከሆነ፣ ደሟ ከልክ አለፈ የሚላት ሰው ላይኖር ይችላል። በ2019 የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ለወለደች ሠራተኛ 90 የሥራ ቀናት ፈቃድ ይሰጣል፤ በዕለት ገቢ የምትኖር ሴት ግን ይህ ፈቃድ በተግባር አይደርሳትም።

በክትትሉ ላይ የሚነሣው ጠንካራው ተቃውሞ ከምርምር የመጣ ነው። በ1998 በታተመ የአውስትራሊያ ጥናት የሐኪም ምርመራውን ከስድስተኛው ሳምንት ወደ መጀመሪያው ሳምንት ማምጣት በእናቶች ጤና ላይ ልዩነት አላሳየም። ይሁንና ጥናቱ የተካሄደው እናቶች ሆስፒታል ወልደው፣ ባለሙያ አይቷቸው በሚወጡበት አገር ስለሆነ፣ ሳይታዩ ለሚወጡት ሊጠቀስ አይገባም። በ2002 በእንግሊዝ የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ አዋላጆች በየእናቲቱ ችግር ላይ ያተኮረና እስከ ሦስት ወር የሚዘልቅ ክትትል ሲያደርጉ የእናቶች የአእምሮ ጤና መሻሻሉን አሳየ፤ አካላዊ ጤናቸው ግን አልተለወጠም። ሁለቱን አንድ ላይ ላነበበ፣ ቀጠሮ መኖሩ ብቻውን ብዙ አይሠራም፤ በቀጠሮው ላይ የሚጠየቀውና የሚደረገው ነው የሚሠራው።

ወደ ሞጆ የሚቀርበው ማስረጃ ኮምባይን የተባለው ሙከራ ነው። ምሥራቅ ሸዋን ጨምሮ በገጠር ቀበሌዎች የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ወላዶችን ቤታቸው ሄደው ጎበኙ። በአንደኛው ወገን ከጉብኝቱ በተጨማሪ፣ ሆስፒታል መሄድ ያልተቻለውን የታመመ ጨቅላ ራሳቸው በጤና ኬላ በአንቲባዮቲክ እንዲያክሙ ተፈቀደላቸው። በዚህ ወገን ከመጀመሪያው ቀን በኋላ ያለው የጨቅላዎች ሞት ከሌላው ይልቅ 28 በመቶ ያህል ቀነሰ፤ ልዩነቱ በስታቲስቲክስ መለኪያ የማያጠራጥር ደረጃ ላይ አልደረሰም። ጥናቱ ስለ ሕፃናት እንጂ ስለ እናቶች አይደለም፤ ቢሆንም አቅጣጫው ለእናቶችም ትርጉም አለው። ግፊት መለኪያና መድኃኒት ሳይዝ፣ ሪፈር የሚልክበት መኪና ሳይኖረው ደጅ የሚያንኳኳ ባለሙያ ከምክር ያለፈ ሊሰጥ አይችልም።

ሌላው ተቃውሞ የባህል ነው። አራስ ከቤት አትወጣም፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም የአርባ ቀን ልማድ አለው። ይህን ኋላ ቀርነት ማለት ስሕተት ነው፤ የወለደች ሴት እንድታርፍ፣ እንድትበላ፣ እንድትታገዝ የሚያደርግ ሥርዓት ነውና። ልማዱ የሚያስገድደው የጉብኝቱን አቅጣጫ መለወጥ ነው፦ የሦስተኛውና የሰባተኛው ቀን ምርመራ ወደ አራሷ ቤት ይሂድ። በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም የተዘረጋው ቤት ለቤት እንዲሠራ ነው። ስድስተኛው ሳምንት ሲደርስ እናቲቱ ሕፃኑን ይዛ ለ45 ቀን ክትባት ትወጣለች። የክትባት ካርዱ የልጁ ነው፤ መርፌውም ለልጁ ነው። እዚያው ወንበር ላይ የእናቲቱን ግፊት መለካትና እንዴት ሰነበትሽ ብሎ መልሷን መስማት ጥቂት ደቂቃ ይበቃዋል።