የሊቢያው ወሬ በደረሰን ምሽት፦ ዜናን ስለማጣራት ከታሪካችን

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

ውድ የወልዲያ፣ የመርሳና የሐብሩ ወጣቶች፣ በየከተማው ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ዛሬ ስለ አንድ ምሽት እናንሳ። ምሽቱ የእኛንም ስሕተት ያስታውሰናል።

እሑድ ሚያዝያ 11 ቀን 2007 ዓ.ም ነው። ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ፋሲካን ካከበሩ ገና ሳምንታቸው ነበር። እኛ ያኔ መርሳ ላይ ኪታብ የምንቀራ ደረሶች ነን። ወሬው በስልክ ደረሰን፦ ራሱን «እስላማዊ መንግሥት» ብሎ የሚጠራው ዳዒሽ ሊቢያ ውስጥ ኢትዮጵያውያን ክርስቲያኖችን ገድሎ፣ ግድያውን 29 ደቂቃ ያህል በሚረዝም ቪዲዮ ለቀቀ። ከፊሎቹ የተገደሉት በባሕር ዳርቻ፣ ከፊሎቹ በበረሃ ነበር።

ሐብሩን የሚያውቅ ሰው ይህ ወሬ እዚህ ሲደርስ የሚሆነውን ያውቃል። ከቀበሌዎቻችን ልጁን ወደ ውጭ ያልሸኘ ቤት ማግኘት ይቸግራል። አንዱ በጅቡቲና በየመን አድርጎ ሳዑዲ ገብቷል፣ ሌላው በሱዳን በኩል ወጥቷል። አንዲት ክርስቲያን ጎረቤታችን ልጃቸው በሱዳን በኩል ከሄደ በኋላ ድምፁ ጠፍቶባቸው ነበር። በዚያው ምሽት መስጂድ በር ላይ መጥተው ጠሩን። «ልጆቼ፣ እናንተ ዐረብኛ ትሰማላችሁ። ስም ይጠሩ እንደሁ እስቲ ስሙልኝ» አሉን።

እኛ ቪዲዮውን አላየነውም፣ የሚያውቅ ሰውም አልጠየቅንም። ግን ወዲያው መለስንላቸው፦ «እማማ፣ ይሄ ውሸት ነው። ሙስሊሙን ለማስጠላት የተቀነባበረ ነው። አይዞዎት።» እሳቸውም አምነውን ወደ ቤታቸው ሄዱ። በማግስቱ ሰኞ መንግሥት ሟቾቹ ኢትዮጵያውያን መሆናቸውን አረጋገጠ። እማማ ቆይተው ሲያገኙን አልተቆጡንም። «ትናንት ውሸት ነው ብላችሁኝ ነበር» ብቻ አሉን። ይህቺ ቃል እስከ ዛሬ አብራን አለች።

ለምን እንዲህ ብለን መለስን?

ምክንያት ነበረን። በሐምሌ 2004 የሙስሊሙ መፍትሔ አፈላላጊ ኮሚቴ አባላት ታሰሩ። ጉዳያቸው ፍርድ ቤት እያለ፣ ጥር 28 ቀን 2005 የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን «ጂሃዳዊ ሐረካት» የተባለውን ፊልም አሳየ። ፊልሙ «ድምፃችን ይሰማ» ብለው በሰላም የጠየቁ ሰዎችን ከውጭ አሸባሪዎች ጋር እያያያዘ አቀረባቸው። ዳኛ ሳይፈርድ ቴሌቪዥን ፈረደ። የሊቢያው ወሬ ሲመጣ ወንድሞቻችን ገና በእስር ላይ ነበሩ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ከ7 እስከ 22 ዓመት ተፈረደባቸው።

ስለዚህ «አሸባሪ» የሚለውን ቃል ከዚያ ጣቢያ ስንሰማ ጆሯችን ይዘጋ ነበር። ቁስላችን እውነተኛ ነው፣ መጠራጠራችንም ያለ ምክንያት አልነበረም። ነገር ግን ትናንት የዋሸ ሰው ዛሬ የሚናገረው ሁሉ ውሸት ነው ማለት አይደለም። በመጠራጠርና በማጣራት መካከል ልዩነት አለ። የሚጠራጠር ሰው «ላጣራ» ብሎ ይነሣል። እኛ ግን ሳንነሣ ፈረድን። ቴሌቪዥኑን «ሳያጣራ ይፈርዳል» ብለን የከሰስን ሰዎች በዚያ ምሽት ያንኑ ሠራን።

እውነቱ በየት በኩል መጣ?

በመጀመሪያው ቀን የመንግሥት ቃል አቀባይ፣ ካይሮ ባለው ኤምባሲ በኩል እያጣራን ነው አሉ። ሕዝቡ በዚህ ቃል ተቆጣ። ቁጣው ከሐዘን የመጣ ነውና ይገባናል። ዛሬ ስናስበው ግን ያልተረጋገጠን ነገር «እያጣራሁ ነው» ማለት በራሱ ጥፋት አይደለም። እውነቱን ያወጡት ደግሞ ፊታቸውን የሚያውቁ ሰዎች ናቸው። አዲስ አበባ ቂርቆስ ሰፈር ውስጥ ቤተሰብና ጎረቤት በምስሉ ላይ አብረዋቸው ያደጉትን ልጆች ለዩ፣ ድንኳን ተተከለ፣ ለቅሶ ተቀመጡ። የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ። የኢትዮጵያ እስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤትም ግድያውን አወገዘ።

ቁጥሩንም ተመልከቱ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት አንዱ 28፣ ሌላው 30 ይል ነበር። ከሦስት ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በታኅሣሥ 2011፣ የሊቢያ ባለሥልጣናት ሲርት አካባቢ ከአንድ የጅምላ መቃብር የ34 ኢትዮጵያውያንን አስከሬን ማውጣታቸውን አስታወቁ። በመጀመሪያው ቀን የሚነገር ቁጥር የመጨረሻው ቁጥር አይደለም። ቁጥሩ ስለተለያየ ብቻ ግን «ነገሩ ራሱ አልተደረገም» አይባልም።

ቀደምቶቻችን ምን ያደርጉ ነበር?

በኢስላም ታሪክ የተሳሳተ ዜና ከባድ ዋጋ ያስከፈለበት አንዱ ቦታ የእኛው አገር ነው። በመጀመሪያው ሒጅራ ወደ ሐበሻ የመጡ ሰሐባዎች በነጃሺ ጥበቃ ሥር ተቀምጠው ሳለ፣ የመካ ሰዎች ሰለሙ የሚል ወሬ ደረሳቸው። ወሬውን አምነው የተወሰኑት ተመለሱ። መካ ሲቃረቡ ነገሩ እንዳልሆነ ዐወቁ። ከፊሎቹ የሰው ጥበቃ ለምነው ገቡ፣ ከፊሎቹ እንደገና ወደ ሐበሻ ተሰደዱ። ወሬው ደስ የሚያሰኝ ነበር። ልብ የሚፈልገው ወሬ ቶሎ እንደሚታመን ከዚህ እንማራለን።

በሱረቱል ሑጁራት ስድስተኛው አንቀጽ ዜና ሲመጣ እንድናጣራ ታዘናል። የተፍሲር ሊቃውንት ለዚህ አንቀጽ መውረድ የሚያወሱት ምክንያት የበኑል ሙስጦሊቅን ታሪክ ነው። ዘካ እንዲሰበስብ የተላከ ሰው ፈርቶ ከመንገድ ተመለሰና፣ ዘካ ከለከሉ፣ ሊገድሉኝም ፈለጉ ብሎ ተናገረ። ሲጣራ ሰዎቹ ዘካቸውን ይዘው ይጠብቁ ነበር። ባይጣራ ኖሮ ንጹሕ ሰው ላይ ጦር ይዘምት ነበር።

ሦስተኛው ትምህርት ደግሞ ይበልጥ ይቀርበናል። በ35 ዓመተ ሒጅራ ኸሊፋው ዑስማን (ረ.ዐ) በቤታቸው ተከበው ተገደሉ፣ ኡማው ተከፋፈለ፣ ሁሉም ለወገኑ የሚያመች ወሬ ማውራት ጀመረ። ታላቁ ታቢዒይ ኢብኑ ሲሪን እንደሚያወሱት፣ ሰዎች ቀድሞ ስለ ሰነድ አይጠይቁም ነበር፣ ፊትናው ከመጣ በኋላ ግን «ከማን ሰማህ?» ማለት ጀመሩ። ብዙ ሊቃውንት ይህ ፊትና ከዑስማን መገደል ጋር የመጣው ነው ይላሉ። እንግዲህ ኢስናድ የምንለው ታላቅ ዕውቀት የጠነከረው ደም ከፈሰሰ በኋላ፣ ወሬ በበዛበት ጊዜ ነው ማለት ነው።

ሙሐዲሶቹ ወገንን እንዴት እንዳዩትም ልብ በሉ። ዐሊይ ኢብኑል መዲኒ ስለ ገዛ አባታቸው ተጠይቀው፣ በዘገባው ደካማ ነው ብለው መሰከሩ። ኢማሙል ቡኻሪ ደግሞ ኸዋሪጅ ከነበረው ከዒምራን ኢብኑ ሒጧን የተላለፈ ዘገባ በኪታባቸው አስገብተዋል፣ መንገዱን ባይወዱትም ሰውየው አይዋሽም ነበርና። አባት ስለሆነ አላሳለፉትም፣ ባላጋራ ስለሆነም አልጣሉትም። አድልዎ የሌለበት ዜና ማለት ይኼ ነው።

ሳይጣራ ሲቀር ማን ይቃጠላል?

ሚያዝያ 18 ቀን 2014 ጎንደር ላይ ሙስሊሞች የአንድ ታላቅ ሼህ ቀብር ላይ እያሉ ጥቃት ደረሰባቸው። ሐዘኑ የሁላችንም ነበር። ወሬው፣ ፎቶውና ቁጥሩ እየተቀያየረ አገሩን ዞረ። ከሁለት ቀን በኋላ በስልጤ ዞን አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ። የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብት ቢሮ በነዚያ ቀናት በጥቂቱ 30 ሰው እንደሞተና ከ100 በላይ እንደቆሰለ ገልጿል። የስልጤ ክርስቲያን ጎንደር ላይ ምን አደረገ? የጎንደሩ በደል እውነት ነው፣ የስልጤውም በደል እውነት ነው። የራሱን በደል ብቻ የሚያወራ ሰው የተናገረው እውነት ቢሆን እንኳ ግማሹን ደብቋል።

ወልዲያና መርሳ በጦርነቱ ጊዜ፣ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014፣ ስልክና መብራት ተቋርጦባቸው ቆይተዋል። ያንን ጊዜ ያሳለፈ ሰው ወሬ ብቻውን ሰውን እንዴት እንደሚያሳምም አይጠፋውም።

ስለዚህ የጥቃት ዜና ሲደርሳችሁ እነዚህን ጠይቁ፦

1. በዐይኑ ያየው ማን ነው? የላከላችሁ ሰው ከማን እንደሰማ ካልተናገረ ሰነዱ ተቆርጧል።

2. ምንጩ ስንት ነው? አሥር ገጽ አንድን ሰው ጠቅሶ ቢጽፍ አንድ ወሬ ነው።

3. ምስሉ የመቼና የየት ነው? ያረጀ የሌላ አገር ፎቶ በአዲስ ሐዘን ላይ ሲለጠፍ ብዙ ጊዜ አይተናል።

4. ተናጋሪው የማይወደውን እውነት ተናግሮ ያውቃል? ወገኑን የሚወቅስ ዜና ከአፉ ወጥቶ የማያውቅ ሰው ሚዛኑ ያጋደለ ነው።

5. እኔስ? ይህ ወሬ እውነት እንዲሆን ወይም ውሸት እንዲሆን ልቤ ይመኛል? ከተመኘ ሁለት ጊዜ አጣራ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ካልታወቀ «አላውቅም» በሉ። መሻይኾቻችን «አላውቅም» ማለት የዕውቀት ግማሽ ነው እያሉ ያስተምሩናል። እኛ በዚያ ምሽት ለእማማ ይህቺን ቃል ነፈግናቸው። «እማማ፣ አላየነውም፣ አናውቅም፣ አብረን እንጠይቅ» ብንላቸው ኖሮ ከእኛ የሚፈልጉት እሱን ነበር። ልጃቸው ከሳምንታት በኋላ ከሱዳን ደወለ፣ አልሐምዱሊላህ። የቂርቆስ እናቶች ልጆች ግን አልደወሉም።

አላህ ምላሳችንንም፣ ስልክ የሚነካ ጣታችንንም ከሐሰት ይጠብቅልን። አገራችንን ሰላም ያድርግልን።

ወላሁ አዕለም።