ማበጠሪያ የሳባት ጀልባ

«ያለ ላብራቶሪ ፊዚክስ እንዴት ይሆናል?» የሚል ጥያቄ ከተማሪም ከመምህርም እንሰማለን። ጥያቄው እውነት አለው፤ በእጃችን ያለው ጠመኔና ሰሌዳ ነው። የዛሬው ታሪካችን ግን የሚጀምረው ከአንድ ሳህን ውሃ ነው። (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

እስቲ ከማስቲካ መጠቅለያ ትንሽ ጀልባ ሠርታችሁ ውሃው ላይ አንሳፍፏት። የፕላስቲክ ማበጠሪያ በደረቅ ፀጉር ላይ ደጋግማችሁ እሹና ሳታስነኩ አስጠጉላት። ጀልባዋ ተከትላችሁ ትመጣለች። ናይሮቢ ውስጥ በዝናቡ ወራት ከሞከራችሁት ወይ ፍንክች ልትል ትችላለች፤ እርጥበት ቻርጁን ያጠፋዋል። የካኩማ ደረቅ አየር ግን ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው።

ይህ ኃይል ኤሌክትሮስታቲክ ይባላል። የጥንት ግሪኮች ከዛፍ ሙጫ የተገኘ አምበር የሚባል ድንጋይ ሲታሽ ገለባ እንደሚስብ ያውቁ ነበር። ኤሌክትሪክ የሚለው ቃል የመጣውም የዚሁ ድንጋይ የግሪክኛ ስም ከሆነው «ኤሌክትሮን» ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ዊሊያም ጊልበርት በ1600 ባሳተመው መጽሐፍ፣ በሹል ነገር ላይ በምትሽከረከር ቀላል መርፌ ተጠቅሞ ሌሎች ብዙ ነገሮችም ሲታሹ እንደሚስቡ አሳየ።

አሜሪካዊው ቤንጃሚን ፍራንክሊን ደግሞ በ1749 በጻፈው ደብዳቤ በዚህ ኃይል የሚዞር መንኮራኩር ገለጸ። ዕቃዎቹ ምን ነበሩ? እንጨት፣ መስታወትና ልብስ ሰፊ ጣቱ ላይ የሚያጠልቀው ዓይነት የነሐስ ቆብ! ዶሮ መጥበሻ ሊያዞር ይችላል ብሎም አስቦ ነበር።

ታዲያ ጀልባ መንዳት ይችላል? ሹል ሽቦ ላይ ብዙ ቻርጅ ቢከማች በአጠገቡ ያለውን አየር ይገፋል፤ ሽቦው ራሱም ወደ ኋላ ይገፋል። በጣም ቀላል የሆነች መጫወቻ ጀልባ በዚህ ልትንቀሳቀስ ትችላለች። ሰው የጫነች ጀልባ ግን አትችልም፤ ኃይሉ ትንሽ ነው፣ ውሃውም ይይዛታል። ስለዚህ ሞሪትዝ ያኮቢ በ1838 በፒተርስበርግ፣ በኔቫ ወንዝ ላይ ሰው ያሳፈረች ጀልባ ሲነዳ የተጠቀመው በባትሪና በማግኔት በሚሠራ ሞተር ነው። ኒኮላ ቴስላ በ1898 ኒው ዮርክ ላይ ከሩቅ በሬዲዮ ያዘዛት ትንሽ ጀልባም በባትሪ የምትሄድ ነበረች። ኤሌክትሮስታቲክ በውሃ ላይ ተሸነፈ ማለት ነው።

ታሪኩ ግን እዚህ አላለቀም። በጠፈር ላይ የሚይዝ ውሃ የለም፣ አየርም የለም። በ1964 የመጀመሪያው የአዮን ሞተር በጠፈር ላይ ለ31 ደቂቃ ሠራ። በ2007 የመጠቀችው «ዶውን» መንኮራኩርም ዜኖን የተባለውን ጋዝ ቻርጅ እያደረገች በኤሌክትሪክ ኃይል ወደ ኋላ ትረጭ ነበር። ግፊቱ አንድ ወረቀት መዳፋችሁ ላይ ሲያርፍ ከሚሰማችሁ ክብደት አይበልጥም። ሞተሮቿ ግን በድምሩ ከ5 ዓመት በላይ ሠርተው በ2011 ቬስታ፣ በ2015 ደግሞ ሴሬስ አደረሷት። ጉዞዋ በ2018 አበቃ።

መጥበሻ ያዞራል የተባለው ደካማ ኃይል ቦታውን ሲያገኝ ይህን ያህል ሄደ። ዛሬ ክፍል ውስጥ «ይሄ ምን ይጠቅማል?» ለሚል ተማሪ ከዚህ የተሻለ መልስ የለንም።

ለመምህራን፦ ሙከራውን በማበጠሪያ ብቻ አሠሩ፤ ማንም ሽቦ ወደ ሶኬት እንዳያስጠጋ። ከዚያ ይህን ጠይቁ፦ የታሸው ማበጠሪያው ነው፤ ጀልባዋን ማንም አላሻትም። ታዲያ ለምን ተሳበች?