ዲያና ተገድላ ነው? የእንግሊዝ ፖሊስ የሴራ ወሬዎቹን አጣርቶ ያገኘው

"ዲያና በአደጋ አልሞተችም" የሚል ቪዲዮ ቲክቶክ ላይ ሳይገጥማችሁ አልቀረም። ልዕልት ዲያና ከሞተች ብዙ ዓመት ቢሆንም ወሬው አልበረደም። ብዙ ሰው የማያውቀው ግን ፖሊስ ወሬዎቹን ንቆ አለመተዉን ነው፤ መዝገብ ከፍቶ አንድ በአንድ አጣርቷቸዋል። ያገኘውን በአጭሩ እናቅርብላችሁ።

ምን ተፈጠረ?

ነሐሴ 25 ቀን 1989 ዓ.ም (እ.ኤ.አ ኦገስት 31 ቀን 1997)፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ፣ ፓሪስ። ዲያና፣ ወዳጇ ዶዲ ፋይድ እና አንድ ጠባቂ ከሪትዝ ሆቴል በጓሮ በር ወጥተው መርሴዲስ ውስጥ ገቡ። ሹፌሩ የሆቴሉ የጥበቃ ምክትል ኃላፊ አንሪ ፖል ነበር። ፎቶ አንሺዎች እየተከታተሏቸው አልማ ድልድይ አጠገብ ባለው የመኪና መሿለኪያ ውስጥ መኪናው ከምሰሶ ጋር ተጋጨ። ዶዲና ሹፌሩ እዚያው ሞቱ፤ ዲያና ሆስፒታል ከደረሰች በኋላ ሕይወቷ አለፈ። የተረፈው ጠባቂው ብቻ ነው።

ፖሊስ ለምን ገባበት?

የፈረንሳይ ምርመራ ጥፋቱን ሰክሮ በነዳው ሹፌር ላይ አድርጎ ተዘጋ። የዶዲ አባት፣ ባለሀብቱ መሐመድ አልፋይድ፣ ይሄን አልተቀበሉም። "ልጄንና ዲያናን ያስገደላቸው ልዑል ፊሊፕ ነው፤ የገደላቸው የስለላ ድርጅቱ ኤምአይ6 ነው" የሚል ክስ አነሱ። እ.ኤ.አ በ2004 የለንደን ፖሊስ በሎርድ ጆን ስቲቨንስ መሪነት "ኦፕሬሽን ፓጄት" የተባለውን ምርመራ ጀመረ። ሦስት ዓመት ገደማ ፈጅቶ በዲሴምበር 2006 የ832 ገጽ ሪፖርት ወጣ።

ወሬውና ማስረጃው

• "ዲያና እርጉዝ ነበረች"፦ መኪናው ውስጥ ከተቀመጠችበት ቦታ የተገኘ ደሟ ተመረመረ። የእርግዝና ምልክት አልተገኘበትም።

• "የሹፌሩ ደም ተቀይሯል"፦ የዲኤንኤ ምርመራ ደሙ የራሱ መሆኑን አረጋገጠ። በደሙ የተገኘው አልኮል ከፈረንሳይ ሕግ ገደብ ሦስት እጥፍ ገደማ ነበር።

• "ነጭ ፊያት ኡኖ ነበረች"፦ ይሄኛው እውነት ነው! መርሴዲሱ ላይ የነጭ ቀለም ጭረት ተገኝቷል፤ ሁለቱ መኪኖች ተነካክተዋል። ሆን ተብሎ ለመግደል መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ ግን የለም።

• "ቀድሞ የታቀደ ግድያ ነው"፦ አንሪ ፖል ሥራ ጨርሶ ወጥቶ ነበር፤ የተመለሰው ያን ዕለት ማታ ተጠርቶ ነው። በጓሮ በር እንውጣ የተባለውም በመጨረሻው ሰዓት ነው። ገዳይ ቢኖር ይሄን ሁሉ በምን ያውቃል?

"ሕገ ወጥ ግድያ" ሲባልስ?

ቪዲዮዎቹ አብዝተው የሚጠቀሙባት ነጥብ ይቺ ናት። በ2008 አሟሟቷን ያጣራው የለንደን ችሎት ጁሪ "ሕገ ወጥ ግድያ" ብሎ ወስኗል። "ይኸው፣ ተገድላለች!" የሚሉት ከዚህ ተነስተው ነው። የውሳኔው ቀሪ ክፍል ግን ተቆርጦ ይቀራል፦ ምክንያቱ የሹፌሩና ሲከተሏቸው የነበሩት ተሽከርካሪዎች ከባድ ቸልተኝነት የተሞላበት አነዳድ ነው። እኛ ጋ "በቸልተኝነት ሰው መግደል" የምንለው ዓይነት ማለት ነው። ስለዚህ ፎቶ አንሺዎቹም ነፃ አልወጡም፤ የግድያ ሴራ ግን አልተገኘም። አልፋይድም ከውሳኔው በኋላ ዘመቻቸውን አቆሙ።

መኪናው የተጋጨው በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ገደማ እየበረረ ነው፤ የተፈቀደው 50 ነበር። ከአራቱ አንዳቸውም የደህንነት ቀበቶ አላሰሩም። ጁሪውም ዲያና ቀበቶ አለማሰሯን ለሞቷ አስተዋጽኦ ካደረጉት ነገሮች መካከል ቆጥሮታል።

ቪዲዮው ድጋሚ ሲመጣላችሁ "ሕገ ወጥ ግድያ" ከሚለው ቀጥሎ ያለውን ጠይቁ። መኪና ውስጥ ስትገቡ ደግሞ፣ ከኋላም ብትቀመጡ፣ ቀበቶ እሰሩ።