የቻይና ቤት በሻንቲኒኬታን

ሕንድ በእንግሊዝ ቅኝ አገዛዝ ቀንበር ሥር ሳለች፣ ባለቅኔው ራቢንድራናት ታጎር እ.አ.አ. በ1921 ቪሽቫ ብሃራቲ የተባለውን የትምህርት ተቋም በሻንቲኒኬታን መሠረተ። በ1924 ቻይናን ጎበኘ፤ በ1937 ደግሞ «ቺና ብሃቫና»ን፣ ማለትም የቻይና ቤትን፣ በዚያው ተቋም ውስጥ ከፈተ። የመጀመሪያው ኃላፊ ቻይናዊው ምሁር ታን ዩን ሻን ነበር።

በዚያ ቤት ትምህርት፣ ምርምርና ሕዝባዊ ንግግር ጎን ለጎን ተካሄዱ። ምሁራኑ በሕንድ ምድር የጠፉ የቡድሂዝም ድርሳናትን ከቻይንኛ ትርጉማቸው ወደ ሳንስክሪት ለመመለስ ደከሙ። ሕንድ የገዛ ቅርሷን በጎረቤቷ ቋንቋ ተጠብቆ አገኘችው።

በ1962 ሁለቱ መንግሥታት በድንበር ጦር ተማዘዙ። ቤቱ ግን እስከ ዛሬ ቆሟል። የሌላውን ሕዝብ ባህል ማጥናት የራስን መዘንጋት አለመሆኑንም ይመሰክራል።