በተቈለፈ ቍጥር ላይ ማስላት፤ የሆሞሞርፊክ ምሥጢራዊ ጽሕፈት ታሪክና የፕሮግራሞቹ ስሕተቶች

ምሥጢርን በጽሕፈት ሸሽጎ መላክ የቆየ ጥበብ ነው፤ የተሸሸገውን ሳይገልጡ በላዩ መደመርና ማባዛት ግን የቅርብ ጊዜ ሥራ ነው። ይህ ጥበብ ሆሞሞርፊክ ምሥጢራዊ ጽሕፈት ይባላል። ጥቅሙም እንዲህ ነው፤ አንድ ሆስፒታል የሕመምተኞቹን መዝገብ ቈልፎ ለሌላ ድርጅት ኮምፒዩተር ይሰጣል፤ ኮምፒዩተሩም ቍልፉን ሳይዝ ሒሳቡን ሠርቶ ውጤቱን እንደ ተቈለፈ ይመልሳል። እንዲህ ያለውን ፕሮግራም የሚጽፍ ተማሪ ግን ኮምፓይለሩ፥ ማለት የተጻፈውን ወደ ኮምፒዩተር ትእዛዝ የሚለውጠው መሣሪያ፥ ሥራውን ደጋግሞ ሲመልስበት ያያል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ እነዚህ ስሕተቶች ከጥበቡ ታሪክ የመነጩ መሆናቸውን ማስረዳት ነው፤ መነሻውን ያወቀ መድኃኒቱን ለማግኘት አይቸገርምና። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ሐሳቡን በ1978 ያቀረቡት ሪቨስት፥ አድልማንና ዴርቱዞስ የተባሉ በአሜሪካ ይሠሩ የነበሩ ሊቃውንት ናቸው። በምሳሌነት ካመጧቸው ዘዴዎች ጥቂቶቹን ብሪክልና ያኮቢ በ1987 ፈቷቸው፤ ሐሳቡ ግን ጸንቶ ኖረ።

የመጀመሪያው ስሕተት ከዚሁ ሐሳብ ጋራ የተወለደ ነው። ኮምፒዩተሩ ምሥጢሩን እንዳያውቅ ከተፈለገ፥ በምሥጢሩ ተመርቶ መንገድ ሊመርጥ አይችልም። «የደም ግፊቱ ከ140 ከበለጠ ይህን፥ ካልበለጠ ያን አድርግ» የሚለውን ትእዛዝ ኮምፓይለሩ የማይቀበለው ስለዚህ ነው። ኮምፒዩተሩ በግልጽ ማወዳደር ቢፈቀድለት ኖሮ፥ ከ1000 በታች የሆነን ማንኛውንም ምሥጢራዊ ቍጥር እኩሌታውን እየጣለ በ10 ጥያቄ ያገኘው ነበር። መድኃኒቱ ሁለቱንም መንገዶች አስልቶ፥ የሚፈለገውን በ1፥ የማይፈለገውን በ0 አባዝቶ መደመር ነው። አንዱና ዜሮውም የተቈለፉ ስለ ሆኑ የትኛው እንደ ቀረ ኮምፒዩተሩ አያውቅም።

ከዚያ በኋላ ለ30 ዓመት ያህል የተገኙት ዘዴዎች ጐዶሎ ነበሩ። ለምሳሌ ፓዬ በ1999 ያወጣው ዘዴ የተቈለፉ ቍጥሮችን ይደምራል እንጂ እርስ በርሳቸው አያባዛም። ሁለቱንም ያለ ገደብ ለመሥራት የሚያስችለውን መንገድ በ2009 ያሳየው የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ክሬግ ጀንትሪ ነው። በዚህ ዘዴ በእያንዳንዱ የተቈለፈ ቍጥር ውስጥ ጥቂት ሁከት ሆን ተብሎ ይጨመራል። ሁከቱ በመደመር ጥቂት፥ በማባዛት ግን ብዙ ያድጋል፤ ከልክ ካለፈ ቍልፉ ያለው ሰው እንኳ ትክክለኛውን ቍጥር አያገኝም። ጀንትሪ ሁከቱን የሚያድስበት ብልኀት አገኘ፤ ነገር ግን እርሱና ሃሌቪ በ2011 ባሳዩት ሥራ አንዱ እድሳት እንደ ጥበቃው መጠን ከ30 ሴኮንድ እስከ 30 ደቂቃ ይፈጅ ነበር።

ሁለተኛው ስሕተት፥ ማለት የማባዛት ደረጃ ማለቅ፥ ከዚህ የመጣ ነው። 8 ቍጥሮችን በተራ የሚያባዛ ሰው 7 ደረጃ ይፈጃል፤ ጥንድ ጥንድ አድርጎ የሚያባዛ ግን በ3 ደረጃ ይጨርሳል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ማስተካከል ብዙ ጊዜ ይበቃል።

ሦስተኛው ስሕተት የመጠን አለመጣጣም ነው። ጁንግ ሂ ቾንና ባልደረቦቹ በ2017 ያሳተሙት ዘዴ ክፍልፋይን በትልቅ ቍጥር አባዝቶ ይይዛል። አባዢው ለምሳሌ 1000 ቢሆን፥ የሁለት ቍጥሮች ብዜት አባዢ 1,000,000 ይሆናል፤ ይህም ባለ 1000 ከሆነው ጋራ ሊደመር አይችልም። ከማባዛት በኋላ መጠኑን መመለስ ያስፈልጋል። በ2020 የቀረበው ኢቫ የተባለ ኮምፓይለር ይህን በራሱ ይሠራል።

አራተኛው የጥበቃ መለኪያ ስሕተት ነው። ለሁከቱ ሰፊ ቦታ ለማግኘት ሞዱሉስ የተባለውን ቍጥር ማስረዘም ይቻላል፤ ሲረዝም ግን ጥበቃው ይደክማል። በ2018 የወጣው መመዘኛ ለ128 ቢት ጥበቃ፥ የፖሊኖሚያሉ ዲግሪ 8192 ሲሆን 218 ቢትን፥ 16384 ሲሆን 438 ቢትን ወሰን አደረገ። ከወሰኑ ያለፈ ሰው ዲግሪውን ከፍ ማድረግ ይገባዋል። ቍጥጥሩን ዘግቶ የሚያልፍ ግን ስሕተቱን ሳይሆን ምሥጢሩን አጠፋ።

ኮምፓይለሮቹ ከመስፋፋታቸው በፊት ይህ ሁሉ በእጅ ይሠራ ነበር፤ በ2013 የወጣው ኤችኢሊብና በ2015 የወጣው ሲል መሣሪያውን ሰጡ እንጂ ጥንቃቄውን ለጸሐፊው ተዉት። ኮምፓይለር ሥራን ሲመልስ ሳይቃጠል በቅጠል ማለቱ ነው። እጅግ የሚያስፈራው ድምፅ የሌለው ስሕተት ነው። ሙሉ ቍጥሮች በሞዱሉስ 65537 ሲሰሉ፥ 70000 መሆን የነበረበት ድምር 4463 ሆኖ ይወጣል፤ ፕሮግራሙም ያለ አንዳች ቅሬታ ይፈጽማል። ውጤቱ እስኪከፈት ድረስ ማንም አያየውም፤ ሐኪሙም እውነት መስሎት ይሠራበታል። ስለዚህ ማንኛውም ፕሮግራም በተቈለፈ ቍጥር ላይ ከመዋሉ አስቀድሞ በግልጽ ቍጥር ተሰልቶ ሁለቱ ውጤቶች ሊመሳከሩ ይገባል። ማየት የማይችል ኮምፒዩተር የሚሠራውን ሒሳብ አስቀድሞ የማየት ኀላፊነቱ የሰው ነው።