የባዕድ ዝምድናና የመንግሥት ምሥጢር

ባሕር ማዶ የሚኖር ልጅ ወይም ወንድም ያለው መምህርና ጸሐፊ ዛሬ በለሚም ሆነ በሌላው የሰሜን ሸዋ ከተማ እንግዳ ነገር አይደለም። እንዲህ ያለው ሰው የመንግሥት ምሥጢር ወደሚጠበቅበት ሥራ በታጨ ጊዜ መርማሪው ዝምድናውን በምን ሚዛን ሊመዝነው ይገባል? አዋጅ ቁጥር 270/1994 የውጭ ዜግነት ያለው ትውልደ ኢትዮጵያዊ በአገር መከላከያ፣ በደኅንነትና በውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቶች በመደበኛነት እንዳይቀጠር ይከለክላል። ይህ ክልከላ የተመሠረተው በራሱ በሰውየው ዜግነት ላይ እንጂ በዘመዶቹ ላይ አይደለም። ይሁን እንጂ ዘመዱ በባዕድ መንግሥት እጅ ያለ ሰው በዘመዱ ሊያዝና ሊገደድ ይችላልና መጠየቁን አንነቅፍም። የምንነቅፈው የዝምድናውን ስም ሰምቶ ምርመራውን በዚያው መዝጋትን ነው።

ይህንንም የምንለው ከታሪካችን ተነሥተን ነው። ከአድዋ ጦርነት ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ሦስት ወጣቶችን ከመሐንዲሱ ከአልፍሬድ ኢልግ ጋር ለትምህርት ወደ ስዊስ አገር ላኩ። እነርሱም የዘጌው አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ፣ ቅጣው ዘአማኑኤልና ጉግሣ ዳርጌ ነበሩ። ጦርነቱ በተቃረበ ጊዜ ሦስቱም ኰብልለው ወደ ኢጣሊያ ገቡ።

አፈወርቅ ኢጣሊያዊቱን ኤውጄኒያ ሮሲን ያገቡ ሰው ናቸውና በሚስታቸው ማሳበብ ይቀላል። ጉግሣስ? ጉግሣ የለሚ ጎረቤት የሆነውን ሰላሌን ይገዙ የነበሩት የራስ ዳርጌ ልጅ፣ የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የልጅ ልጅ፣ የንጉሠ ነገሥቱም የአጎት ልጅ ናቸው። በዘር ሐረግ ቢመረመር ከእርሳቸው ይልቅ የሚታመን ከየት ይገኝ ነበር? ይዟቸው የሄደው ባዕዱ ኢልግ ግን ከምኒልክ አገልግሎት አልወጣም፤ በ1889 ዓ.ም. የመንግሥት አማካሪ ተባለ።

አፈወርቅ ከዚህ ሁሉ በኋላ ተመልሰው ነጋድራስ ተባሉ፤ ይባስ ብሎም በዚያችው በሮማ የኢትዮጵያ ጉዳይ ፈጻሚ ሆነው ተሾሙ። በ1928 ዓ.ም. ወረራ ጊዜ እንደገና ከኢጣሊያ ጋር ተሰልፈው «አፈ ቄሣር» ተባሉ። እንደ እኛ ግምት የሹመቱ ስሕተት የሚስታቸውን አገር አለመመርመር አልነበረም፤ ራሳቸው በቀድሞው ጦርነት የሠሩትን መርሳት ነበር እንጂ።

ከዚህ ጋር የሐኪም ወርቅነህ እሸቴን ሕይወት ብናነጻጽር ነገሩ ይበልጥ ይገለጣል። በ1860 ዓ.ም. መቅደላ በወደቀ ጊዜ ሕፃኑን ወርቅነህን የእንግሊዝ መኰንኖች ወደ ሕንድ አገር ወሰዷቸው፤ በዚያም አድገው ቻርልስ ማርቲን ተባሉ። በኋላም በበርማ ለእንግሊዝ መንግሥት በሐኪምነት አገለገሉ። የዛሬውን የመጠይቅ ወረቀት ቢሞሉ ኖሮ ከመጀመሪያው ገጽ አያልፉም ነበር ብንል ማጋነን አይሆንብንም! ነገር ግን ኢጣሊያ አገራችንን በወረረች ጊዜ በሎንዶን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ሆነው ስለ ወገናቸው ሲከራከሩ የነበሩት እርሳቸው ናቸው።

ልጆቻቸው ዮሴፍና ቢንያምም በእንግሊዝ አገር የተማሩ ነበሩ። አባታቸው በሎንዶን ሳሉ ሁለቱ ወንድማማች ከጥቁር አንበሳ ጦር ጋር ተሰለፉ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ ኢጣሊያኖች ሁለቱንም ገደሏቸው።