የመጨረሻው መጽሐፍ የማን ነው?

ሐምሌ 14 ቀን 1999 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጁላይ 21 ቀን 2007) እኩለ ሌሊት አልፎ አንድ ደቂቃ ሲሆን በብሪታኒያ የመጻሕፍት መደብሮች በራቸውን ከፈቱ። ደጅ ላይ የተሰለፈው ሕዝብ የመጣው ለስኳር ወይም ለዘይት አልነበረም። ልጅ አዋቂው የቆመው 607 ገጽ ያለው አንድ ልቦለድ ለመግዛት ነው። የጄ. ኬ. ሮውሊንግ ሰባተኛና የመጨረሻ የሃሪ ፖተር መጽሐፍ፣ «ሃሪ ፖተር ኤንድ ዘ ዴዝሊ ሃሎውስ» ነበር። በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት በብሪታኒያ ወደ 2.65 ሚሊዮን፣ በአሜሪካ ደግሞ አሳታሚው ስኮላስቲክ እንዳስታወቀው 8.3 ሚሊዮን ቅጂ ተሸጠ።

ተከታታዩን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። ሃሪ ፖተር ወላጆቹን ቮልድሞርት የሚባል ክፉ አስማተኛ የገደለበት ልጅ ነው። በአሥራ አንድ ዓመቱ ሆግዋርትስ ወደሚባል የአስማት ትምህርት ቤት ይገባል። እያንዳንዱ መጽሐፍ የሕይወቱን አንድ ዓመት ይተርካል። የመጀመሪያው መጽሐፍ የወጣው ጁን 26 ቀን 1997 ስለሆነ፣ ያን ጊዜ የአሥር ዓመት ልጅ የነበረ አንባቢ የመጨረሻውን ሲገዛ ሃያ ዓመት ሞልቶታል። ከባለታሪኩ ጋር አብሮ አድጓል ማለት ነው። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሕግ ያጠና ሰው ልቦለድ ሲያነብም ሙግት ይፈልጋል። እኔንም ከአስማቱ ይልቅ የሳበኝ የአንባቢዎቹ ሙግት ነው። ያ ሙግት ዛሬም አልተዘጋም፤ ሲጨመቅም አንድ ጥያቄ ይሆናል። የአንድ ታሪክ መጨረሻ የማን ነው? የጻፈችው ደራሲ ነው ወይስ አሥር ዓመት የጠበቁት አንባቢዎች?

ሳይነበብ የተጀመረው ክርክር

አንባቢው ገና መጽሐፉ ሳይወጣ ስለ መጨረሻው ይጨነቅ ነበር። በኦገስት 2006 ታዋቂዎቹ ደራሲዎች ስቲቨን ኪንግና ጆን ኧርቪንግ ኒው ዮርክ ውስጥ ከሮውሊንግ ጎን ተቀምጠው ሃሪን እንዳትገድለው በአደባባይ ለመኗት። እሷ ቃል አልገባችም።

ምስጢሩን ለመጠበቅ የተደረገው ጥረት ፍርድ ቤት የደረሰው ከዚያ በፊት ነው። በ2005 ስድስተኛው መጽሐፍ ሊወጣ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ በካናዳ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ አንድ መደብር በስሕተት ጥቂት ቅጂዎች ሸጠ። የግዛቲቱ ፍርድ ቤት ገዢዎቹ ስለ መጽሐፉ እንዳያወሩ፣ አልፎም ቀኑ እስኪደርስ እንዳያነቡት የእግድ ትእዛዝ ሰጠ። ገንዘቡን ከፍሎ በእጁ የያዘውን መጽሐፍ እንዳያነብ የታገደ ሰው በሕግ ታሪክ ብዙ ያለ አይመስለኝም።

በ2007 ነገሩ ባሰ። የአሜሪካው ቅጂ ገጾች አንድ በአንድ ፎቶ ተነሥተው አስቀድመው ወጡ። ስኮላስቲክ መጽሐፉን ቀድመው ለደንበኞች ልከዋል ያላቸውን ሁለት ድርጅቶች ኢሊኖይ ውስጥ ከሰሰ። ኒው ዮርክ ታይምስ ቀኑን ሳይጠብቅ የሚቺኮ ካኩታኒን ሒስ አሳተመ። ሒሱ መጽሐፉን የሚያወድስ ነበር፤ ሮውሊንግ ግን ጋዜጦች የልጆችን ፍላጎት ንቀዋል ስትል ተቆጣች። በእስራኤል የሽያጩ ሰዓት ሰንበት ላይ በመዋሉ የንግድና የሠራተኛ ሚኒስትሩ ኤሊ ዪሻይ ሱቅ የሚከፍቱትን በቅጣት አስጠነቀቁ። በፈረንሳይ ደግሞ በኦገስት 2007 አንድ የ16 ዓመት ልጅ በፖሊስ ተያዘ። ጥፋቱ መጽሐፉን በራሱ ጊዜ ወደ ፈረንሳይኛ ተርጉሞ ማሰራጨቱ ነው። ሕጋዊው ትርጉም የሚወጣው ኦክቶበር 26 ነበር፤ ልጁ ሦስት ወር መታገሥ አልቻለም።

የሞቱትና ያልታዩት ሞቶች

መጽሐፉን ገና ሊያነብ ያሰበ ካለ ከዚህ በኋላ ምስጢር አልጠብቅለትም።

ሃሪ ተርፏል። ነገር ግን ነጭ ጉጉቱ ሄድዊግ፣ ታማኙ ትንሽ ፍጡር ዶቢ፣ ከመንትዮቹ አንዱ ፍሬድ፣ እንዲሁም ባልና ሚስቱ ሉፒንና ቶንክስ ሞተዋል። የአንባቢዎች ቅሬታ በመሞታቸው ብቻ አልነበረም። ዶቢን ሃሪ በእጁ ቆፍሮ ቀብሮታል፤ አንባቢውም አብሮት አልቅሶ ወጥቶለታል። ሉፒንና ቶንክስ ግን ሲሞቱ አናይም። ሃሪ ከውጊያው መሐል ሲመለስ አስከሬናቸውን ተጋድሞ ያገኘዋል። ብዙዎች «እንዴት ሁለቱን በአንድ ዐረፍተ ነገር?» ብለው ተቆጡ። ለቅሶ ያልተቀመጡበት ሐዘን እንደማይወጣ የምናውቅ ሰዎች ቁጣቸው ይገባናል። ደራሲዋ በኋላ ስታስረዳ፣ ጦርነት ከሚያመጣቸው ክፉ ነገሮች አንዱ ልጅን ያለ ወላጅ ማስቀረቱ መሆኑን ለማሳየት ፈልጌ ነው ብላለች። ሕፃን ልጃቸው እንደ ሃሪ ወላጅ አልባ ሆኗልና።

ሌላው ቅሬታ ስለ መሐሉ ነው። ሃሪ፣ ሮንና ሄርማይኒ ከትምህርት ቤት ርቀው በድንኳን ከጫካ ጫካ ሲንከራተቱ የሚያልፉት ገጾች ብዙ ናቸው። ክሪስቶፈር ሂችንስ በኒው ዮርክ ታይምስ ባወጣው ሒስ ብዙ ገጽ ያለ ድርጊት ያልፋል ሲል ነቅፏል። ሌሎች ደግሞ ያ መሰልቸትና ተስፋ መቁረጥ የስደት እውነተኛ መልክ ነው ብለው ተከራክረዋል። እኔ ከእነዚህ ጋር ነኝ።

የስኔፕ ችሎት

እንደ መምህሩ ስኔፕ አንባቢን የከፈለ የለም። ስድስተኛው መጽሐፍ ያለቀው የትምህርት ቤቱን ርእሰ መምህር ዳምብልዶርን ሲገድል ነው። ለሁለት ዓመት አንባቢው «ከሃዲ ነው» እና «ትእዛዝ ፈጽሞ ነው» በሚሉ ሁለት ጎራዎች ተከፍሎ ተሟገተ። የሁለቱን ወገን መከራከሪያ በአንድ ጥራዝ የያዘ መጽሐፍ እስከ መታተም ደረሰ። ሰባተኛው መጽሐፍ መልሱን ሰጠ። ስኔፕ የሃሪን እናት ከልጅነቱ ጀምሮ ይወድ ነበር፤ ዳምብልዶርን የገደለውም በራሱ በዳምብልዶር ጥያቄ ነው።

የሚገርመው መልሱ ክርክሩን አለመዝጋቱ ነው። ጥያቄው ከፍሬ ነገር ወደ ፍርድ ተዛወረ። አንድን ሴት እስከ ሞቱ መውደዱ፣ በክፍል ውስጥ ልጆችን ዓመታት ማሸማቀቁን ያስተሠርይለታል? ሃሪ ለልጁ ስሙን ማውጣቱስ ተገቢ ነው? ጥፋተኛነትና የቅጣት ማቅለያ ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች መሆናቸውን ማንም ሳያስተምራቸው ለይተው የተሟገቱ ወጣቶች ብዙ ናቸው። ሮውሊንግ ከ2015 ጀምሮ በየዓመቱ ሜይ 2፣ የመጽሐፉ የመጨረሻ ውጊያ በሚታሰብበት ቀን፣ ስለ ገደለቻቸው ገጸ ባሕርያት ይቅርታ መጠየቅ ጀመረች። በ2017 ተራው የስኔፕ ሲሆን ጠብ እንዳይነሣ አብራ አደራ ማለት አስፈልጓታል።

ከ19 ዓመት በኋላ

ከሁሉ የበለጠ ያጨቃጨቀው የመጨረሻው አጭር ምዕራፍ ነው። ከ19 ዓመት በኋላ ሃሪ ጂኒን፣ ሮን ሄርማይኒን አግብተው ልጆቻቸውን ለንደን ኪንግስ ክሮስ ባቡር ጣቢያ ሲሸኙ ይታያሉ። አንዱ ወገን «ከዚያ ሁሉ ሞት በኋላ ይህ ጣፋጭ ከረሜላ ለምን?» አለ። ገጸ ባሕርያቱ ምን ሥራ እንደያዙ፣ ቁስላቸው እንዴት እንደሻረ አይናገርምና። ሌላው ወገን ሰላማቸውን በዓይኑ በማየቱ አመሰገነ። በታሪኩ አቆጣጠር ቀኑ ሴፕቴምበር 1 ቀን 2017 ነበር፤ እውነተኛው ቀን ሲደርስ አንባቢዎች እዚያው ጣቢያ ተሰብስበው አከበሩት።

የእኔን አስተያየት ልስጥ። ምዕራፉ በሥነ ጽሑፍ ሚዛን ደካማ ነው የሚሉትን አልቃወምም። ነገር ግን አሥር ዓመት «ይሞት ይሆን?» እያለ የሰጋ ልጅ፣ «አልሞተም» መባል ብቻ አይበቃውም። «ኖረ፣ ወለደ፣ ከበደ» መባልም ይገባዋል። የእኛም ተረቶች ያለ ምክንያት በዚህ ዓይነት አይዘጉም።

ደራሲዋ ዝም አላለችም

ከዚያ በኋላ ሮውሊንግ መጽሐፉ ውስጥ የሌለውን በቃሏ ትጨምር ጀመር። በዚያው ጁላይ ለቴሌቪዥን በሰጠችው ቃለ ምልልስ የሃሪንና የጓደኞቹን ሥራ ተናገረች። በኦክቶበር 2007 ኒው ዮርክ ካርኔጊ አዳራሽ ውስጥ ዳምብልዶር ግብረ ሰዶማዊ እንደነበር ገለጸች። በ2014 ሮንንና ሄርማይኒን ያጋባኋቸው ከራሴ ምኞት የተነሣ ነው አለች። በ2016 «ዘ ከርስድ ቻይልድ» የተባለው ተውኔት መድረክ ላይ ወጣ፤ ብዙ አንባቢዎች ዛሬም እንደ ታሪኩ አካል አይቆጥሩትም።

በሌላ በኩል አንባቢዎች በራሳቸው መንገድ ታሪኩን ሲያደራጁ ነበር። የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ የነበረ አንድ አንባቢ ያዘጋጀውን መዝገበ ቃላት አር.ዲ.አር. ቡክስ ሊያሳትም ሲል፣ ሮውሊንግና ዋርነር ብራዘርስ ከሰሱ። በሴፕቴምበር 2008 የኒው ዮርኩ የፌዴራል ዳኛ ሮበርት ፓተርሰን መጽሐፉ ከደራሲዋ ቃላት ከሚገባው በላይ ቀድቷል ብለው ኅትመቱን አገዱ፤ 6,750 ዶላር ካሣም ወሰኑ። ነገር ግን ስለ አንድ ልቦለድ የማጣቀሻ መጽሐፍ መጻፍ በራሱ የደራሲው ብቸኛ መብት እንዳልሆነ በፍርዳቸው አስፍረዋል። በሚቀጥለው ዓመት ተሻሽሎ ታተመ። ለእኔ ይህ ፍርድ ከብዙ የሥነ ጽሑፍ ሒስ ይበልጣል። ቃላቱ የደራሲዋ ናቸው፤ ስለ ቃላቱ መነጋገር ግን የሁሉም ነው።

የእኔ ፍርድ

የቅጂ መብት ሕግ ለደራሲ የሚሰጠው ብዙ ነው። የእኛ አገር አዋጅ ቁጥር 410/1996 (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) የደራሲውን የኢኮኖሚ መብት ዕድሜውን በሙሉና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቃል፤ በብሪታኒያ 70 ዓመት ነው። ትርጉምን ግን የትኛውም አዋጅ ለማንም በባለቤትነት አልሰጠም።

ሕግ ትምህርት ቤት ያለፈ ሁሉ የፍትሐ ብሔር ሕጋችንን ያረቀቁት ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ መሆናቸውን ያውቃል። ማብራሪያቸውን እናነባለን፤ እናከብራለንም። ነገር ግን ሕጉ በነጋሪት ጋዜጣ ከወጣ በኋላ ዳኛው የሚፈርደው በአንቀጹ ነው። አርቃቂው ልቡ ውስጥ ያስቀረው ሐሳብ አንቀጽ አይሆንም። የሮውሊንግንም የኋላ ቃል የማየው እንዲሁ ነው። ማስረጃ ሆኖ ይቀርባል፤ አስገዳጅነት ግን የለውም።

ሚዛኑ ለሁለቱም ወገን እኩል ይሁን። አንባቢም ሌላ መጨረሻ ይጻፍልኝ ብሎ የመጠየቅ መብት የለውም። በ1893 ኮናን ዶይል ሼርሎክ ሆምስን ሲገድል አንባቢ አመፀ፤ በ1903 ደራሲው ከሞት አስነሣው። ያ የደራሲው ፈቃድ እንጂ የአንባቢ መብት አልነበረም።

ጉዳዩ ከቀልድ ያለፈው በ2020 ነው። ሮውሊንግ ስለ ጾታ ማንነት በጻፈችው የተነሣ ብዙ አንባቢዎች ተቀየሟት፤ ብዙዎችም ደገፏት። ከተቀየሙት ውስጥ ልጅነታቸውን የተነጠቁ ያህል የተሰማቸው ነበሩ። በፊልሞቹ ሃሪን ሆኖ የሠራው ዳንኤል ራድክሊፍ ያን ጊዜ ባወጣው ጽሑፍ፣ በመጽሐፉ ውስጥ ያገኛችሁት መልካም ነገር በእናንተና በመጽሐፉ መካከል ያለ ነው የሚል መንፈስ ያለው ምክር ሰጠ። ከሮውሊንግ ጋር የሚስማማም የማይስማማም ሰው ይህን ሊቀበል ይችላል ብዬ አምናለሁ። ደራሲዋን መውደድ ወይም መጥላት ሌላ መዝገብ ነው። በአሥር ዓመቱ ፈርቶ፣ በሃያ ዓመቱ ያ ፍርሃት የተፈታለት አንባቢ ያገኘውን አግኝቷል። ያንን የሚሽር ይግባኝ የለም።